መንገድ የሌለው ሽኝት

ደብረ ብርሃን፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.። ሌሊቱን የጣለው ውርጭ እስከ ረፋድ ድረስ ከቆርቆሮው ላይ አልለቀቀም፤ ፀሐይ አለች፣ ሙቀት ግን የላትም። ይህ ሲጻፍ ቤት ውስጥ ያለነው እኔ ጸሐፊዋና አክስቴ እትዬ ንጋቷ ነን። እርሷ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ፀሐይዋ በየት በኩል እንዳለች በጉንጯ እየለየች ነው።

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሥላሴ ወልደአረጋይ
የዲጂታል መሸኛ አገልግሎት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በዚህ ብርድም ደረትዎ ደኅና እንደ ሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ዓይኖችዎ፣ ሁለቱም፣ ደኅና ይሁኑልዎ። ጠዋት ሲነሡ መጋረጃው ሲገለጥ፣ የሰው ፊት ከሩቅ ሲመጣ፣ የፊርማዎ መስመር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ማየቱን እግዚአብሔር አይንሣዎ። ይህን ለወግ ያህል አልጻፍሁትም፤ በቅርቡ ዋጋውን የተማርሁት ነገር ስለሆነ ነው።

እኔ ይርጋለም ሠረቀብርሃን እባላለሁ። ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ነኝ። እርስዎ አንዳንድ ቀን ከመኪናዎ ሳይወርዱ በሹፌርዎ በኩል የገብስ ቆሎ ያስገዛሉ፤ አንድ ጊዜም ጨው በዝቶበታል ብለው ልከውብኝ በማግሥቱ አስተካክዬዋለሁ። ይህን የማነሣው ለውለታ አይደለም፤ ቅሬታ ቀርቦ በማግሥቱ ሲታረም ምን እንደሚመስል ምናልባት ማየት ቢፈልጉ ብዬ ነው።

ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። የቀረውን የተማርሁት ቆሎ ከምጠቀልልበት ወረቀት ነው፤ ከፈተና ወረቀት፣ ከድሮ ጋዜጣ፣ መሥሪያ ቤቶች በኪሎ ከሚሸጡት የስብሰባ ጽሑፍ። ስለዚህ ብዙ ነገር አውቃለሁ፤ ነገር ግን የአብዛኛውን ወይ መጀመሪያውን ወይ መጨረሻውን አላውቀውም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጉድለት ቢያገኙ በዚያ ይተርጉሙልኝ። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ይህኛውን በግልጽ ጽፌዋለሁ፤ ፎቶ ኮፒ አስደርጌም ቆሎ እጠቀልልበታለሁ። መጀመሪያው የደረሰው ሰው መጨረሻውን ከጎረቤቱ ይጠይቅ።

እንግዲህ ገዢዎቼም እንዲረዱት ከመነሻው ልጀምር። በአገራችን ሰው ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ቀበሌ ሲዛወር መሸኛ ይይዛል። ድሮ መሸኛው ወረቀት ነበር። የሚለቀው ቀበሌ ማኅተም አድርጎ ለባለቤቱ ይሰጠዋል፣ ባለቤቱ በጉያው ይዞ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ የሚቀበለው ቀበሌ ወረቀቱን ወስዶ በመዝገቡ ያሰፍረዋል። ወረቀት ይጠፋል፣ ይረጥባል፣ አንዳንዴም ሐሰተኛ ይሆናል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ «ሽኝት» የተባለውን ሲስተም አሠርቶ ወረቀቱን አስቀረልን። ሐሳቡ ማንንም አያስቀይምም።

አክስቴ እትዬ ንጋቷ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ዕድሜዋን ሁሉ ከአንኮበር በታች ባለው ቁልቁለት ኖራ፣ በገበያ ቀን አሊዩ አምባ እየወረደች በርበሬ ስታመጣ፣ ያንን ገደል በጨረቃ እንኳ ሳይቀር በእግሯ ስታውቀው ኖራለች። አምና ዓይኖቿ መድከም ጀመሩ፤ ግራው ይብሳል። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረው ግን ቶሎ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ይተርፋል አለን። ከእኔ ጋር እንድትኖር ወደዚህ አመጣኋት። ለቀዶ ሕክምናው ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የሚጻፍላት በጤና መድን ካርዷ ነው፤ ካርዱ ደግሞ የሚሠራው ነዋሪ በሆነችበት ቀበሌ ነው። ስለዚህ በ«ሽኝት» በኩል መሸኛ ጠየቅን። ሰኔ ላይ ነበር።

አሁን ኅዳር ነው፤ አክስቴም የማንም ቀበሌ ነዋሪ አይደለችም። ለዚህ ያበቁንን ሁሉ ማመስገን ግዴታዬ ነውና፣ ነጥብ በቁጥር ሲቀርብልዎ ደስ እንደሚልዎ ስላየሁ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በግንቦት ወር በጠሩት የሲስተሙ ደንብ ማረጋገጫ ስብሰባ ላይ የነዋሪዎች ተወካይ አድርገው ስላስቀመጡኝ አመሰግናለሁ። የተመረጠችው ተወካይ ስለቀረች፣ እኔም ከመንገዱ ማዶ ስለነበርሁ መሆኑን አውቃለሁ፤ ክብሩ ግን ክብር ነው። በዚያ ስብሰባ የሚለቁትን ቀበሌዎች ወክለው የመጡት ሰው ተነሥተው፣ «ተቀባይ ሳይገኝ ሰውን ደጅ ማውጣት ነውር ነው፤ እነሱ ተቀብለናል ይበሉና እኛ እንለቃለን» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። የሚቀበሉትን የወከሉት ሴትዮ ተነሥተው፣ «በሰው ቤት ያለን ሰው መውሰድማ ንጥቂያ ነው፤ እነሱ ለቀናል ይበሉና እኛ እንቀበላለን» አሉ። አዳራሹ እንደገና አጨበጨበ። እርስዎም «ጨዋነት ማለት ይህ ነው» ብለው ሁለቱም ደንብ ሆነው ወደ ሲስተሙ እንዲገቡ አዘዙ።

ክቡር ሆይ፣ ሁለቱም ለየብቻ ሲሰሙ የጨዋ ልጅ ንግግር ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ደጃፍ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች «ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚባባሉት ናቸው። ሰዎች ሲሆኑ ከሁለቱ አንዱ ብርድ ይመታዋል፣ ወይም ምግቡ ይሸተዋል፣ «እሺ እንግዲህ» ብሎ ይገባል። ሲስተም ግን ብርድ አይመታውም። እስከ ዕለተ ምጽአት «ይቅደሙ» ሲል ይኖራል።

፪. ለፀደንያ ስለሰጧት መልስ አመሰግናለሁ። ፀደንያ ሲስተሙን ከሚሠሩት ልጆች አንዷ፣ የኮንትራት ሠራተኛ፣ የእኔም የጓሮ ቤት ተከራይ ነበረች። ኮድ ከመጻፉ በፊት ሞዴል ይሠራ የምትል ልጅ ናት። ሞዴሉም፣ እኔ እንደገባኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ባለጉዳዩ ሊሆን የሚችለው ሁኔታ ሁሉ በክብ ይሣላል፤ ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው የሚታለፍበት በቀስት ይሣላል፤ ቀስቱን ለማለፍ ምን መሟላት እንዳለበት ሁለት ትርጉም በሌለው ሒሳብ ይጻፋል። ከዚያ አንድ ፕሮግራም በቀስቶቹ ሁሉ፣ በሚቻለው ቅደም ተከተል ሁሉ ይሄድና፣ ሰው ገብቶ የማይወጣበት ክብ ካለ ነቅሶ ያወጣዋል። ኮዱ ገና አልተጻፈም፤ ማንም ገና አልተጎዳም፤ የሚጠፋው ወረቀትና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ስሙንም ፎርማል ዘዴ ይሉታል አለችኝ።

ሠርቶ መሞከር አይበቃም ወይ ብዬ ጠይቄአት ነበር። «እትዬ ይርጌ፣ መሞከር ማለት ከአንኮበር አሊዩ አምባ በለመድሽው መንገድ አንዴ ወርደሽ፣ ደርሻለሁና መንገዱ ደኅና ነው ማለት ነው። እኔ የምለው ፍየሎቹ የሚገቡበትን ገደል ሁሉ አስቀድመን እንየው ነው» አለችኝ። ነገሩን ተአምር አድርጋም አልነገረችኝም። ሞዴል ያልተሣለበትን አያይም፤ የተሳሳተ ነገር ከተሣለም የተሳሳተውን በጥንቃቄ ይፈትሻል ትል ነበር። ስለዚህ ከመሣሏ በፊት ሰው ትጠይቃለች። እኔንም፣ ድሮ ከአንኮበር ስመጣ መሸኛው ከተሰጠኝ በኋላ ምን እንዳደረግሁ ጠየቀችኝ። በጉያዬ ከትቼ አውቶቡስ ተሳፈርሁ አልኋት። እርሷም «ለቀቀ» በሚለው ክብና «ተቀበለ» በሚለው ክብ መካከል አንድ ክብ ጨምራ «መንገድ» ብላ ጻፈችበት። ቀበሌው ቀድሞ ይለቃል፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው እስኪደርስ ድረስም የነበረው መብት ሁሉ አብሮት ይጓዛል፤ ደንቧ ይህ ነበር።

በስብሰባው ላይ ሥዕሏን በግድግዳው ላይ አበራችው። ሁለቱ የተጨበጨበላቸው ደንቦች አንድ ላይ ከገቡ፣ «መንገድ»ም ከሌለ፣ መውጫ የሌለው ክብ እንደሚፈጠር በቀይ አድርጋ አሳየች። እርስዎ የመለሱላት እንዲህ ነበር፦ «የእኔ እኅት፣ መንገድ ላይ የሚኖር ነዋሪ የለም። ምርቃቱ ደርሷል። ክቡን ለሙአለ ሕፃናት አቆዪው፤ ችግር ካለ በሥራ ላይ እናየዋለን።» አዳራሹ ሳቀ፤ ከጭብጨባው ይልቅ ሳቁ ረዘም ያለ ነበር። ፀደንያም ኮንትራቷ ሳይታደስ ቀርቶ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። በነገራችን ላይ ስትሄድ መሸኛ አልጠየቀችም፤ ታውቀዋለቻ።

፫. በምርቃቱ ቀን ስላሳዩን ትርኢት። አንድ ባለሙያ፣ በአንድ ላፕቶፕ፣ የሁለቱንም ቀበሌ ሥልጣን በራሱ ስም ይዞ፣ በግራ እጁ ለቀቀ፣ በቀኝ እጁ ተቀበለ። ሁሉም ነገር በዓይን ጥቅሻ አለቀ፤ ሪባኑም ተቆረጠ። ከራሱ ጋር ይቅደሙ የሚባባል ሰው ስለሌለ ጉዳዩ እንዲያ መፍጠኑ አይደንቅም። እንደዚያ ያለ ባለሙያ ለአክስቴም ቢገኝላት ደስ ባለኝ፤ ሲጠየቅ ግን ያ ሥልጣን ለትርኢቱ ብቻ የተሰጠ ነበር ተባልሁ።

፬. ስለ ሠራተኞችዎ ትሕትና። ከሐምሌ ጀምሮ በሁለቱ ቀበሌዎች መካከል ስመላለስ አንድም ክፉ ቃል አልሰማሁም። ወዲያ ስሄድ ወንበር ይስቡልኝና «እነሱ ተቀብለናል ካላሉ ሲስተሙ አይለቅም፣ እናቴ» ይሉኛል። ወዲህ ስመጣ «ብርድ ነው፣ ይቀመጡ» ይሉኝና «እነሱ ለቀናል ካላሉ ሲስተሙ አይቀበልም» ይሉኛል። ስልክ ተደዋወሉ ብዬ ለመንኋቸው፤ ተደዋወሉ፤ ተከባበሩ፤ ስለ ቤተሰብ ጤንነት ተጠያየቁ፤ ዘጉት። በቃ መሸኛው ይቅርና ወደ ነበረችበት ትመለስ ብልም አልተቻለም፤ ጥያቄ መሰረዝ የሚችለው ነዋሪ ብቻ ነው፣ አክስቴ ደግሞ መሸኛ ከጠየቀችበት ቀን ጀምሮ ነዋሪ ሳትሆን «በሽግግር ላይ» ናት ይላል ሲስተሙ። በሽግግር ላይ ያለ ሰው የጤና መድን ካርዱ በሁለቱም በኩል ይዘጋል። ከሁለት ያጣ ጎመን ሲባል እንሰማ ነበር፤ በኮምፒውተር ሲበቅል ያየሁት ግን አሁን ነው።

የአክስቴ የገበያ ጓደኛ ዙቤዳ ከአሊዩ አምባ ደውላ ነገሩን ሁሉ አንድ በአንድ አስነገረችኝና፣ «ወላሂ አልገባኝም፤ እዚህ ወጥታለች ይላሉ፣ እዚያ አልደረሰችም ይላሉ፤ ታዲያ ንጋቷ አላህ ዘንድ ናት ወይስ አሁንም አውቶቡስ ላይ?» አለች። አክስቴ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። እኔ ግን የፀደንያ ክብ ትዝ አለኝ። ዙቤዳ ፊደል አልቆጠረችም፤ አውቶቡስ መኖሩን ግን አልረሳችም።

፭. በመስከረም መጨረሻ የአክስቴ ግራ ዓይን ሙሉ በሙሉ ጠፋ። በዚህ ቁጥር ሥር የማመሰግንዎት ነገር ፈልጌ አላገኘሁም።

፮. በፖስታ ሳይሆን በአካል ስመጣ ስላገኘሁት የጽሑፍ መልስዎ። ቅሬታዬን ይዤ ስመጣ ከመስኮቱ የተሰጠኝ ወረቀት «ሲስተሙ በዕቅዱ መሠረት በትክክል እየሠራ ይገኛል» ይላል። እውነት ነው፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ቢበላሽማ ጠጋኝ ይጠራ ነበር። የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ሳይታክት፣ ሳይሳሳት፣ ጉቦ ሳይበላ። ሁለት ሰዎች አዳራሽ ውስጥ የተናገሩትን አምኖ እንደ መሐላ ይጠብቃል። ኮዱን የጻፉት ልጆችም የተነገራቸውን ነው የጻፉት። የተነገራቸው ነገር እርስ በርሱ ይስማማ እንደሆነ አንድ ቀን ተቀምጦ መፈተሽ ግን ጊዜ ማባከን ተባለ።

ክቡር ሆይ፣ «ችግር ካለ በሥራ ላይ እናየዋለን» ብለው ነበር። እነሆ ታየ። ለማየት ግን የሰው ዓይን ፈጀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለገብስ ነው፤ ገብስ ሲፈስ እኔ ራሴ በርከክ ብዬ እለቅማለሁ። የአክስቴን ግራ ዓይን ከየትኛው ወለል ላይ ልልቀምላት? ለምን በግል አታሳክሚያትም ለሚሉኝም ልመልስ፤ ጠብታውን ከቆሎዬ እገዛለሁ፤ ቀዶ ሕክምናው ከቆሎ በላይ ነው።

አሁን ቀኙም ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሳለ ይርጋለም የት ሄደች ብላ ጠየቀችኝ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የፀደንያን ክብ ወደ ቦታው ይመልሱ። የሚቀጥለውን ሲስተም ከማሠራትዎ በፊት፣ የሚሣሉትን ልጆች በአዳራሽ አያስቁባቸው፤ ሥዕል በላጲስ ይታረማል። ሲስተሙ እስኪስተካከል ድረስም በሥልጣንዎ አንዱን ቀበሌ «አንተ ቅደም፣ ልቀቅ» ይበሉት። ቀድሞ መልቀቅ ነውር አይደለም። ይህች አሁን በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት እኔን መራመድ ያስተማረችኝ፣ ከወዲያ ማንም እጁን ሳይዘረጋልኝ፣ ቀድማ በመልቀቅ ነው።

በደጃፍዎ ፊት ብዙ ክረምት ያሳለፍሁ፣ ከእርስዎ ቀድሜ በማናቸውም በር ለመግባት የማልደፍር፣ ጨው ቀንሺ ሲሉኝ ሳልከራከር የቀነስሁ፣ ሁለቱ ዓይኖችዎ እስከ እርጅና አብረውዎት እንዲያረጁ በየጠዋቱ የምጸልይ፣

ይርጋለም ሠረቀብርሃን
ከመንገዱ ማዶ

ግልባጭ፦
ለሚለቀው ቀበሌ
ለሚቀበለው ቀበሌ
(ማንኛቸው ቀድመው እንደሚያነቡት እርስ በርስ ተከባብረው ይወስኑ።)

ድኅረ ጽሑፍ፤ ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን፣ ጠዋት።

ደብዳቤውን ለአክስቴ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «ሰውዬው አንባቢ አይመስለኝም፤ እኔኑ ውሰጂኝ» አለች። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ያደረግሁት ይህ ነው። ውኃ አሞቅሁ። ፊቷን አጠብሁላት። በቀኝ ዓይኗ ጠብታ አደረግሁ፤ በግራው ማድረግ ትቻለሁ። ጋቢዋን ደረብሁላት፤ የተዘጋውን ካርዷንና ቅያሪ ቀሚሷን በፌስታል አድርጌ በእጇ አስያዝኋት። በባጃጅ መጣን።

የጽሕፈት ቤትዎ በር ክፍት ነበር። ጥበቃው ባርኔጣውን አንሥቶ «እማማ፣ ይቅደሙ» አላት። አክስቴም «ኧረ አንተ ቅደም፣ ልጄ» አለችው። እርሱም «አይሆንም እማማ» አለ፤ እርሷም «በሞትሁት» አለች። ሁለቱም ቆሙ። እኔ ክንዷን ይዤ ከመቃኑ መካከል አደረስኋት፤ አንድ እግሯ በውስጥ፣ አንድ እግሯ በውጭ። የት ነኝ አለችኝ። መንገድ ላይ ነሽ አልኋት። «እንግዲያ ልቀቂኝ» አለች።

ለቀቅኋት። ከወዲያ የተቀበላት ሰው አልነበረም።

መንገዱን ተሻግሬ ከቆሎዬ አጠገብ ቆምሁ፤ ይህንም የጻፍሁት እዚያው ቆሜ ነው። ጥበቃው እስካሁን ባርኔጣውን እንደ ያዘ ነው፤ እርሷ እዚያ ስላለች በሩን መዝጋት አልቻለም። መኪናዎ አሁን ደረሰ። አክስቴ የመኪናውን በር ድምፅ ሰምታ እጇን ወደዚያ ዘረጋች።